በሰሜን ሸዋ የእስረኛ አፈታት ሥርዐት፤ ከጎንቾ እስከ አመክሮ

በአንኮበር ነገሥታት ዘመን ጎንቾ የሚለው ስም በፍርሃት የሚነሣ ስም ነበረ። ጎንቾ በኢፋት በኩል የሚገኝ ስፍራ ሲሆን፥ የንጉሡ ወንድሞችና ዘመዶች፥ ከመኳንንትም በክዳት የተጠረጠሩት የሚታሰሩበት የመንግሥት እስር ቤት ነበረ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ጠባቂው የኢፋት ገዥ የነበረው ወላስማ መሐመድ ነው። ወደዚያ የገባ ሰው ስንት ዓመት እንደሚቈይ የሚነግረው አልነበረም፤ የእስራቱ ዘመን በቍጥር የተወሰነ አይደለምና። ዛሬ በዚያው አገር በደብረ ብርሃን የሚታሰር ፍርደኛ ግን የፍርዱን ሁለት ሦስተኛ ፈጽሞ በአመክሮ ለመፈታት ጉዳዩ ሊታይለት የሚችልበትን ቀን አስቀድሞ በጣቱ ሊቈጥር ይችላል። በእነዚህ በሁለቱ እስረኞች መካከል ያለው ዘመን መቶ ሰማንያ ዓመት ያህል ነው።

ይህ ለውጥ እንዴት እንደ መጣ ለመረዳት ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል። አንደኛ፥ እስረኛን የመፍታት ሥልጣን የማን ነበረ? ሁለተኛ፥ የሚፈታው በምን ምክንያት ነበረ? ሦስተኛ፥ እስረኛው ራሱ፥ አማላጅ ሳይዝ፥ ልፈታ ብሎ ለመጠየቅ ይችል ነበረን? የእያንዳንዱ ዘመን ሥርዐት ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የሰጠው መልስ የተለያየ ነው።

ሀ. የንጉሣውያን እስረኞች

ደብረ ብርሃንን የመሠረተው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ራሱ ከግዞት ወጥቶ የነገሠ ንጉሥ ነው። ከመንገሡ በፊት የነጋሢ ልጆች በሚጠበቁበት በአምባ ግሼን ይኖር ነበር፤ በ1426 ዓ.ም. ከአምባው ወርዶ ዙፋን ላይ ተቀመጠ። የተፈታው ጥፋቱ ተሠርዮለት አይደለም፤ ጥፋት አልነበረውምና። ፍርድም አልተለወጠለትም፤ የተፈረደበት ፍርድ አልነበረምና። የተፈታው ዙፋኑ ባዶ ስለ ሆነ ነው። የግሼን ሥርዐት ሰውን የሚያስረው ስላደረገው ነገር ሳይሆን ሊያደርገው ስለሚችለው ነገር በመሆኑ፥ የሚፈታበትም ምክንያት ከእስረኛው ጠባይ ጋራ የሚገናኝ አልነበረም።

አምባ ግሼን እ.ኤ.አ. በ1540 በኢማም አሕመድ ጦር ከተያዘ በኋላ ሥርዐቱ ተቋርጦ ቈየ። የጎንደር ነገሥታት ደግሞ በበለሳ የሚገኘውን ወህኒ የተባለውን አምባ ለዚሁ ጉዳይ አዋሉት። በአማርኛ የተራው ሰው እስር ቤት እንኳ ለብዙ ዘመን ወህኒ ቤት ሲባል የኖረው ከዚህ አምባ ስም የተነሣ ነው። የመሳፍንት ልጆች የተጠበቁበት የተራራ ስም ወርዶ የሌባውና የባለ ዕዳው ማሰሪያ ስም ሆነ።

የሸዋ ገዥዎችም የጎንደርን ልማድ በአገራቸው መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ1813 ራስ ወሰን ሰገድ በተገደለ ጊዜ ታላቁ ልጅ በኩሬ ወደ አባቱ ከተማ ፈጥኖ ባለመድረሱ ታናሹ ሣህለ ሥላሴ ቀድሞት ሥልጣኑን ያዘ። ከዚያም በኩሬና ሌሎቹ ዘመዶች ወደ ጎንቾ ተላኩ። ንጉሡ በሥልጣን እስካለ ድረስ የእነርሱ መታሰር እንደ መንግሥት ጸጥታ ይቈጠር ነበርና የመፈቻቸውን ነገር የሚያነሣ ሰው በራሱ ላይ ጥርጣሬ ያመጣ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 በአንኮበር የነበረው የእንግሊዝ መልእክተኛ ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ሣህለ ሥላሴ በጎንቾ ለብዙ ዓመታት በሰንሰለት የኖሩትን የንጉሣዊ ቤተ ሰብ አባሎች እንደ ፈታቸው ይተርካል። ሐሪስ ይህን ነገር የመልእክቱ ፍሬ አድርጎ ያቀርበዋል። ነገር ግን የውጭ አገር እንግዳ ቃል ብቻውን ንጉሡን ያሳመነው እንደ ሆነ አድርጎ መቀበል አይገባም። እስረኛን መፍታት ከምጽዋትና ከጾም ጋራ የሚቈጠር ትሩፋት መሆኑን ንጉሡም ካህናቱም ከማንም እንግዳ ይልቅ አስቀድመው ያውቁ ነበር። የሆነው ሆኖ፥ ይህ ፍቺ የንጉሥ ቸርነት እንጂ ሕግ አልነበረም። የተፈቱት ሰዎች ነጻ ወጡ፤ የተፈቱበት ሥርዐት ግን ለሌላ እስረኛ መብት ሆኖ አልቀረም።

ለ. የተራው ሰው እስራትና የአማላጅ ሥራ

ከንጉሣውያኑ ውጭ ያለው ሕዝብ የሚታሰርበት መንገድ ሌላ ነበረ። በጥንቱ ልማድ እስራት ራሱን የቻለ ቅጣት ከመሆን ይልቅ ነገሩ እስኪቈረጥ ወይም ዕዳው እስኪከፈል ድረስ ሰውን መያዣ ነበረ። ባለ ዕዳው ከባለ ገንዘቡ ጋራ፥ ተከሳሹም ከከሳሹ ወይም ከጠባቂው ጋራ በቍራኛ ይታሰር ነበር። በቀላል ነገር የሁለቱ ሰዎች ኩታ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል፤ በከባድ ነገር ግን የአንዱ እጅ ከሌላው እጅ ጋራ በሰንሰለት ይያያዛል። የተቈራኙት ሁለቱ ሰዎች አብረው ይሄዳሉ፥ አብረው ይቀመጣሉ፥ አብረው ያድራሉ። ስለዚህ የመፈታቱን ነገር ከሳሹም ከተከሳሹ ያላነሰ ይፈልገው ነበር። በዚህ ሥርዐት እስረኛውን የሚፈታው ቁልፍ ዋስ ነበረ፤ የታመነ ዋስ የጠራ ሰው ወዲያው ይለቀቃል፥ ዋስ የሌለው ግን ነገሩ ትንሽ ቢሆንም እንኳ ታስሮ ይቈያል።

የነፍስ ነገር በሆነ ጊዜ ደግሞ ሥልጣኑ የሟቹ ዘመዶች ነበረ። ገዳይ ከተፈረደበት በኋላ ለሟቹ ወገን ይሰጣል፤ እነርሱም ደሙን ለመመለስ ወይም የደም ካሳ ተቀብለው ለመማር ይችላሉ። ዳኛው ጥፋቱን ይፈርዳል እንጂ ምሕረቱን አያዝም። በዚህም ምክንያት የገዳዩ ዘመዶች፥ የአገር ሽማግሌዎችና መስቀል የያዙ ካህናት ወደ ሟቹ ቤት ተመላልሰው ይለምናሉ፤ በዳዩም በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ እግር ላይ ይወድቃል። ታላላቅ ገዳማትም የመማጠኛ ስፍራ ሆነው ሸሽቶ የገባውን ሰው እርቅ እስኪወርድ ያስጠልሉ ነበር።

በንጉሡ ፊት ያለውን ነገር የሚያስፈጽመው ባልደራባው ነበረ። ወደ አንኮበር ግቢ የሚመጣ ሰው ሁሉ ነገሩን ወደ ንጉሡ የሚያደርስለት ባልደራባ ያስፈልገዋል። ባልደራባ የሌለው ከግቢው ውጭ ቆሞ አቤት እያለ ይጮኻል፤ ንጉሡ ከሰማው ያስጠራዋል። የታሰረ ሰው ግን ከእስሩ ሆኖ ሊጮኽ ስለማይችል ሚስቱ፥ እናቱ ወይም ወንድሙ ስለ እርሱ መጮኽ ነበረባቸው። ደግሞም መንግሥት ለእስረኛ ቀለብ አይሰፍርም ነበርና የሚያበላው ዘመዱ ነው፤ ዘመድ የሌለው ከጠባቂው ጋራ እየወጣ በእመቤታችንና በቅዱሳን ስም ይለምናል። እንግዲህ ቀለቡም ዋሱም አማላጁም ከአንድ ምንጭ፥ ከዘመድ የሚመጣ በመሆኑ፥ ዘመድ ያለው እስረኛና ዘመድ የሌለው እስረኛ በአንድ ጥፋት ታስረው እኩል አይፈቱም ነበር። በጥንቱ ሥርዐት ላይ የሚነሣው ትልቁ ነቀፋ ይህ ነው።

ከዚህ ሌላ ብዙ እስረኞች በአንድ ጊዜ የሚፈቱበት ቀን ነበረ። ንጉሥ ሲነግሥ፥ ታላቅ በዓል ሲከበር ወይም ከዘመቻ በድል ሲመለስ የምሕረት ዐዋጅ ይነገራል። በዚህ ጊዜ የሚፈታው ሰው መታረሙ አይመረመርም፤ የታሰረበትም ዘመን ርዝመት አይታይም። የሚታየው የቀኑ ክብር ነው።

ሐ. ከዐፄ ምኒልክ እስከ 1923 ዓ.ም.

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን በያዙ ጊዜ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ምኒልክ ገና ልጅ ሳለ ተማርኮ ወደ መቅደላ ተወሰደ። ዐሥር ዓመት ያህል ከተቀመጠ በኋላ በ1857 ዓ.ም. አምልጦ ወደ ሸዋ ተመለሰና በአያቱ ዙፋን ተቀመጠ። አያቱ ዘመዶቹን በጎንቾ ሲያስር የኖረ፥ የልጅ ልጁም ራሱ በአምባ ታስሮ ያደገ መሆኑ የዘመኑን ጠባይ ያሳያል፤ እስራት ሹመት በሚገኝበትና በሚጠፋበት መንገድ ላይ የቆመ አንድ ማረፊያ እንጂ ለወንጀል ብቻ የተለየ ስፍራ አልነበረም።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ ዳኝነት ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆኖ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ተሰጠ። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ደግሞ በ1923 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ተፈጸሙ። አንደኛው በጽሑፍ የተዘጋጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሲሆን፥ ሁለተኛው በሐምሌ ወር የተሰጠው ሕገ መንግሥት ነው። የመቅጫው ሕግ ለየጥፋቱ የሚገባውን ቅጣት በአንቀጽ ከፋፍሎ ስለ ጻፈ እስራት በዓመትና በወር የሚለካ ነገር ሆነ። ይህም በአፈታት ታሪክ ውስጥ ታላቅ ነገር ነው፤ መጨረሻው በቍጥር ያልተወሰነ እስራት ሁለት ሦስተኛ ሊኖረው አይችልምና። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ ምሕረት የማድረግና ቅጣትን የማቃለል ሥልጣን የንጉሠ ነገሥቱ መሆኑን ጻፈ። የጥንቱ ልማድ አልተሻረም፤ ነገር ግን ልማድ መሆኑ ቀርቶ የተጻፈ ሥልጣን ሆነ።

የኢጣልያ ወረራ ዘመን ለዚህ ታሪክ የጨመረው ሕግ የለም። ከየካቲት 1929 ዓ.ም. በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ያለ ፍርድ ወደ ዳናኔና ወደ ኖክራ ተጋዙ። ከዚያ ዘመን በቋንቋችን የቀረው ከርቸሌ የሚለው ቃል ነው፤ ይኸውም እስር ቤት ከሚለው የኢጣልያንኛ ቃል የመጣ ነው።

መ. የሁለት ሦስተኛው ሕግ መምጣት

ከነጻነት በኋላ የእስር ቤቶች ዐዋጅ ቍጥር 45 እ.ኤ.አ. በ1944 ወጣ። ደብረ ብርሃን በዚያን ጊዜ የተጉለትና ቡልጋ አውራጃ ዋና ከተማ ስለ ነበረች የአውራጃው ዳኝነትም እስረኛም ወደ እርሷ ተሳበ። በነገሥታቱ ጊዜ የፍርድ ማዕከል የነበረችው አንኮበር ግን ወረዳ ሆና ቀረች።

በሁኔታ የመፈታት ሥርዐት በሙሉ ቅርጹ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በስዊሱ የሕግ ሊቅ በዣን ግራቨን ረቂቅ መሠረት ተዘጋጅቶ በሐምሌ 1949 ዓ.ም. በታወጀው፥ ከሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ጀምሮም በጸናው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። ሐሳቡ በውጭው ዓለም የቈየ ነበር። አሌክሳንደር ማኮኖኪ የተባለው የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኰንን እ.ኤ.አ. ከ1840 ጀምሮ በፓሲፊክ ውቅያኖስ በምትገኘው በኖርፎክ ደሴት የእስረኞች አዛዥ ሆኖ ሳለ፥ እስረኛ በሥራውና በጠባዩ ነጥብ እያገኘ የእስራቱን ዘመን እንዲያሳጥር አደረገ። ይህ የሆነው ሐሪስ ወደ አንኮበር በመጣበት፥ የጎንቾም እስረኞች በሰንሰለት በነበሩበት በዚያው ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ ዋልተር ክሮፍተን በአየርላንድ ሐሳቡን አስፋፋው፤ ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ1885 በሕግ ተቀበለችው።

በ1949ኙ ሕግ መሠረት ፍርደኛው የእስራቱን ሁለት ሦስተኛ፥ የዕድሜ ልክ እስረኛ ከሆነም ሃያ ዓመት ሲፈጽም በሁኔታ ሊፈታ ይችላል። የዘጠኝ ዓመት ፍርደኛ ስድስቱን ከጨረሰ በኋላ፥ የዐሥራ አምስት ዓመት ፍርደኛም ዐሥሩን ከጨረሰ በኋላ ጉዳዩ ሊታይለት ይችላል ማለት ነው። ዘመኑ ብቻ ግን አይበቃም። በሥራውና በጠባዩ መታረሙን ማሳየት፥ ለተበዳዩ የሚገባውን ካሳ በተቻለው መጠን መክፈል፥ ወደ ፊትም በመልካም ጠባይ እንደሚኖር የሚያሳምን መሆን አለበት። የእስር ቤቱ አስተዳደር ሐሳቡን ያቀርባል፤ የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ነው። የተፈታውም ሰው ለጊዜው በፈተና ይቈያል፤ የታዘዘውን ሁኔታ ቢያፈርስ ፍቺው ተሽሮ ወደ እስራቱ ይመለሳል።

ከላይ ለተነሡት ሦስት ጥያቄዎች ይህ ሕግ አዲስ መልስ ሰጠ። ፈቺው ንጉሡ መሆኑ ቀርቶ ዳኛው ሆነ። ምክንያቱም የበዓሉ ክብር ወይም የአማላጁ ማዕርግ መሆኑ ቀርቶ የእስረኛው ጠባይ ሆነ። ሦስተኛው ጥያቄ ግን ሙሉ መልስ አላገኘም፤ በሩ የሚከፈተው አስተዳደሩ ሐሳብ ሲያቀርብ ነበረና፥ አስተዳደሩ ዝም ያለበት እስረኛ ነገሩ በዚያው ይቀር ነበር። በሌላ ወገን በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ይቅርታና ምሕረት የማድረግን ሥልጣን ለንጉሠ ነገሥቱ ስላጸና፥ የዳኛው መንገድና የዙፋኑ መንገድ ጎን ለጎን ቈዩ።

ሠ. ከ1967 ዓ.ም. በኋላ

በ1967 ዓ.ም. ሥልጣን የያዘው ደርግ ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና ልዩ የጦር ፍርድ ቤት አቋቋመ፤ ብዙ ሰዎችም ያለ ፍርድ ታሰሩ። ፍርድ የሌለው እስራት ቍጥር ስለሌለው የሁለት ሦስተኛው ሕግ ለእነርሱ አልጠቀመም። ልዕልት ተናኘወርቅና ሌሎቹ የንጉሣዊ ቤተ ሰብ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1988፥ በእስር የቀሩት ወንዶች ልጆችም እ.ኤ.አ. በ1989 ተፈቱ። እነዚህ ከሣህለ ሥላሴ ዘር የሚወለዱ ነበሩ። ከጎንቾው ፍቺ በኋላ መቶ አርባ አምስት ዓመት ያህል አልፎ፥ የነጋሢ ወገን ዳግመኛ በትውልዱ ታስሮ ዳግመኛ በገዥው ፈቃድ ተፈታ። የተጻፈ ሕግ መኖሩ ብቻውን የጥንቱን ልማድ እንደማያስቀር ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ይቅርታ የማድረግን ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ ሲሰጥ በሕግ በተወሰነ ሁኔታና ሥርዐት እንዲፈጸም አዘዘ፤ በሰው ልጅ ላይ ለተፈጸመ ወንጀልም ምሕረትና ይቅርታን ከለከለ፥ የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ሊለወጥ ከመቻሉ በቀር። በ1996 ዓ.ም. አዲሱ የወንጀል ሕግና የይቅርታ ሥነ ሥርዐት ዐዋጅ ቍጥር 395 ወጡ፤ ይህም ዐዋጅ በ2006 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 840 ተተካ። ስለ ምሕረት ደግሞ በ2010 ዓ.ም. የተለየ ዐዋጅ ታወጀ።

በእነዚህ ሕጎች ሦስቱ የመፈቻ መንገዶች ተለያዩ። ምሕረት ወንጀሉን እንዳልተሠራ የሚያስቈጥር ሲሆን በሕግ አውጪው ይሰጣል። ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል ወይም ያቃልላል፥ የጥፋተኝነት ፍርዱ ግን ይቀራል፤ በቦርድ ተመርምሮም ለፕሬዚዳንቱ ይቀርባል። አመክሮ ግን ቅጣቱን አያስቀርም፤ የቀረው ዘመን ከእስር ቤት ውጭ በፈተና እንዲያልፍ ያደርጋል፥ በፍርድ ቤትም ይወሰናል። አዲሱ የወንጀል ሕግ ሁለት ሦስተኛውንና ሃያ ዓመቱን እንደ ነበሩ አጽንቶ፥ ጥያቄው በማረሚያ ቤቱ አስተዳደር ሐሳብ ብቻ ሳይሆን በፍርደኛው በራሱ አቤቱታም ሊቀርብ እንደሚችል ጻፈ። በቃል ሲታይ ትንሽ የምትመስል ለውጥ ናት። በታሪክ ሲታይ ግን በአንኮበር ግቢ ውጭ በዘመዱ አፍ ብቻ አቤት ይል ለነበረው እስረኛ የራሱን አፍ የመለሰችለት እርሷ ናት።

ሦስቱ መንገዶች በአንድነት የታዩበት ጉዳይ የደርግ ባለ ሥልጣኖች ነገር ነው። በሞት እንዲቀጡ የተፈረደባቸውን ባለ ሥልጣኖች በተመለከተ የሃይማኖት አባቶች አማላጅ ሆኑ፤ በ2003 ዓ.ም. የሞት ፍርዳቸው በፕሬዚዳንቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ታስረው ሃያ ዓመት የሞላቸው 16ቱ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ በአመክሮ ተፈቱ። ምልጃው የጥንት ነው፥ የፍርዱ መለወጥ የዙፋኑን ሥልጣን የተካ ነው፥ የመጨረሻው ፍቺ ግን የሕግ ቍጥር ነው።

ረ. የቃሉ ትርጓሜና የቀረው ጥያቄ

አመክሮ ከግእዝ አመከረ፥ ማለት ፈተነ ከሚለው የወጣ ቃል ነው። በገዳማት ሥርዐት አንድ ሰው ከመመንኰሱ በፊት በልዩ ልዩ ሥራ እየታዘዘ የሚፈተንበት ዘመን አመክሮ ይባላል። የሕጉ ተርጓሚዎች ለባዕዱ ሐሳብ ይህን ቃል መምረጣቸው በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም። የመነኰሰ ሰው ዓለምን ትቶ ወደ ገዳም ለመግባት ይፈተናል፤ እስረኛው ግን ከእስር ወጥቶ ወደ ዓለም ለመመለስ ይፈተናል። የእስር ቤቱም ስም ማረሚያ ቤት መባሉ ከዚሁ ሐሳብ የሚስማማ ነው፤ ወህኒ የስፍራ ስም፥ ከርቸሌ የባዕድ ስም፥ ማረሚያ ግን የሥራ ስም ነውና።

በሕጉ ውስጥ የጥንቱ ልማድ የቀረበት አንቀጽም አለ፤ እርሱም የካሳው ነገር ነው። ነገር ግን ካሳና እርቅ አንድ አይደሉም። ፍርድ ቤቱ የሚመረምረው የተከፈለውን ነው፤ የገጠሩ ሰው የሚጠይቀው ግን ደሙ ደርቋል ወይ የሚለውን ነው። ሁለት ሦስተኛውን ፈጽሞ፥ ጠባዩ ተመስክሮለት የተፈታ ገዳይ እርቅ ካልወረደ ወደ ቀዬው ለመግባት ይፈራል፤ የሟቹም ልጅ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያየው ቂሙ ይታደሳል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ዛሬም ከፍቺው በፊት ወይም በኋላ በሁለቱ ቤቶች መካከል ይመላለሳሉ። የእነርሱ ሥራ በሕጉ አልተጻፈም፥ የሕጉም ፍሬ ግን ብዙ ጊዜ በእነርሱ ላይ ይንጠለጠላል።

እንግዲህ የጥንቱ ሥርዐት ዘመድ አልባውን ረስቶ ተበዳዩን ያስታውስ ነበር፤ አዲሱ ሥርዐት ዘመድ አልባውን አስታውሶ ተበዳዩን በካሳ ብቻ ሸኘው። የጎንቾ እስረኛ የሚፈታበትን ቀን አያውቅም ነበር፤ የዛሬው እስረኛ ቀኑን ያውቃል፥ ከበሩ ውጭ የሚጠብቀውን ግን ሕጉ ሊነግረው አይችልም። ወደ ፊት ስለ አመክሮ የሚወጣ ሥነ ሥርዐት የፍርደኛውን አቤቱታ እንደ ጠበቀ የተበዳዩን ቃል የሚሰማበትን መንገድ ቢያገኝ፥ በአንኮበር ደጅ የተለያዩትን ሁለቱን ፍትሖች በአንድ ችሎት ያገናኛቸዋል።